የእናቴ መሐላና የጥናቴ ገንዘብ

ደብረ ታቦር ላይ ሕግ እያስተማርሁ ዶክትሬቴን ስጀምር፣ የጥናቴን ርዕስ እንደ ብልህ ሰው የመረጥሁ መስሎኝ ነበር። ሽማግሌዎች አስታርቀው ደም ካደረቁ በኋላ፣ የግድያ ክስ ፍርድ ቤት ላይ ለምን ምስክር ያጣል? ውጭ አገር ያለ አንድ ድርጅት ርዕሱን ወዶ ወጪውን ልሸፍን አለ። ገንዘቡን የሚለቀው ግን የሟች ቤተሰቦች ቃል በድምፅ ተቀርጾ ሲደርሰው ነው። ደመወዜ ከቤት ኪራይና ከአስቤዛ አያልፍም፤ ያ ገንዘብ ካልመጣ ጥናቱም ትምህርቱም አበቃለት።

ሰዉ የሚፈራው በቀል መስሎኝ፣ "ስማችሁ አይጠቀስም" እያልሁ ከይፋግ እስከ ወንዛዬ ዞርሁ። እኔ ጅሉ! እርቅ ሲወርድ ሁለቱም ወገን ያንን ደም ዳግም በአፋቸው ላያነሱ በመስቀል ምለዋል። ስማቸው ተጠቀሰ አልተጠቀሰ ምን ሊፈይድላቸው? ጠላ ቀድተው፣ ስለ ዝናቡና ስለ ማዳበሪያው አጫውተው ይሸኙኛል። አንድ አዛውንት ብቻ ተቆጡኝ። "አንተ ልጅ፣ የደረቀውን ልታረጥብ ነው የመጣኸው?" አሉኝ።

መቅረጫዬን ባዶውን ይዤ በተመለስሁ ቁጥር ለድርጅቱ "ትንሽ ጊዜ ስጡኝ" ብዬ እጽፋለሁ። በመጨረሻ ቁርጡን ነገሩኝ፤ በዚህ ወር ካልላክህ ለሌላ ሰው እንሰጠዋለን። ተስፋዬ ሙጥጥ አለ። ምግብ አልዋጥ አለኝ።

እናቴ ያኔ ለገበያ ከገጠር መጥታ እኔ ዘንድ አርፋ ነበር። ፊቴን አይታ አላስቀምጥ ስትለኝ ሁሉንም ነገርኋት። የእሷም ወንድም በመሬት ጠብ የተገደለው እኔ ሳልወለድ ነው፤ ደሙም በእርቅ ደርቋል። ይህንንም ከሰው ሰማሁ እንጂ፣ እቤታችን ስለ እሱ ሲወራ ሰምቼ አላውቅም።

ነጠላዋን አስተካከለች።

"አምጣው እቃህን። እኔ እነግርሃለሁ።"

"እምዬ፣ ምለሽ የለም ወይ?"

"የንስሐ አባቴ የፈለጉትን ቀኖና ይስጡኝ። አንተ እንዲህ ስትሆን እያየሁ ዝም ልበል?"

መቅረጫውን ከፈትሁት።

"ወንድሜ..." ብላ ጀመረች። ስሙ ግን ከአፏ አልወጣ አለ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም፤ እንባዋ ብቻ ይወርዳል። ዘጋሁት።

"ምነው? ገና መቼ ጀመርሁና!"

"ይበቃል እምዬ።"

"ታዲያ ገንዘቡን ይሰጡሃል?"

"ይሰጡኛል" አልኋት።

"ተመስገን" ብላ እንባዋን ጠረገችና ያልነካሁትን የምግብ ሳህን ወደ እኔ ገፋችው። እያየችኝ ስለነበር በላሁ።