ሁለት ቀዳዳ ያለው ዳቦ

በችጋሩ ዓመት ቆቦ ላይ ከአንድ የሂሳብ መምህር ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እኔ ጀማሪ ዘጋቢ ነኝ፤ ከዋጃ እስከ ሮቢት መንገድ ዳር የወደቀውን ሰው እያየሁ ስጽፍ እውላለሁ። አመሻሽ ላይ ስመለስ እሱን ሊጥ ይዞ አገኘዋለሁ። ያ ክፍል አሁንም ይናፍቀኛል።

«የሊጡ ቆዳ ዓለምን ለሁለት ይከፍላል፤ ውስጥና ውጭ» ይለኝ ነበር። ድቡልቡል ከሆነ ቀላል ነው። እንደ ማሰሮ ጆሮ ሲያወጣ ይወሳሰባል። ውስብስብነቱ የሚለካው በጆሮዎቹ ቁጥር ነው፤ ዓለሙን ሳይለውጥ ሊወገድ የሚችል ትርፍ ጆሮ ግን አይቆጠርም። የእሱ ባለ ሁለት ጆሮ፣ ባለ ሁለት ቀዳዳ ነበር። በእሱ ሐሳብ ውጭው እኛ የምናውቀው ባዶ ቦታ ሳይሆን በሌላ መልክ የሚዘጋ ስለሆነ፣ አዘጋጉን ለማሳየት ሊጡ ላይ ቀይ ክር ይጠመጥማል። ጆሮዎቹን እያንሸራተተ ክሩ በአንዱ ላይ አንዴ ብቻ እንዲያልፍ ማድረግ ከቻለ፣ ያ ጆሮ ትርፍ ነው። ክረምቱን ሙሉ የፈለገው ይህን ነበር።

«በጭቃ ለምን አትሠራውም?»

«ጭቃ ይሰነጠቃል።»

የማሽላ ሊጥም ይፈረፈራል። ስለዚህ ከደሴ ያመጣትን ጥቂት የስንዴ ዱቄት ይቆጥባል። አከራያችን፣ ረጋ ያሉ የራያ ሙስሊም ሴት፣ በደህናው ጊዜ እየሳቁ ሊጥ ይሰጡት ነበር። ያን ዓመት ግን በር ላይ ቆመው ያዩታል።

አንድ ቀን ገና ስገባ «ና፣ ይህን እየው» አለኝ፣ እጁን ሳያነቃንቅ። ጠጋ ከማለቴ በፊት አከራያችን ደረሱ።

«መምህር፣ ደጅ ሴት ቆማለች፤ ልጅ አዝላለች። ጓዳ የቀረ ነገር የለም።»

«ትንሽ ይቆዩኝ፣ እትዬ።»

«እኔማ እቆያለሁ። እሷን ቆዪ በላት።»

ክሩን ፈትቶ ሊጡን ሰጣቸው። ፍም ላይ ጋግረው ሲያቀብሏት ሴትዮዋ ዳቦውን አገላብጣ አየችው።

«መሀሉን ማን በላው?»

«መምህሩ» አሉ አከራያችን፣ «በዓይኑ።»

ሴትዮዋ ሳቀች። ከዚያ ቆርሳ፣ አላምጣ ለልጇ አጎረሰችው።

በማግስቱ የቀረውን ዱቄት ለአከራያችን አስረከበ። በጭቃ ሞከረ፤ ተሰነጠቀበት።

ከብዙ ዓመት በኋላ ተገናኝተን፣ ያን ቀን ሊያሳየኝ የጠራኝ ጆሮ በእርግጥ ትርፍ ነበር ወይ አልኩት።

«ክሩ አንዴ ብቻ ነበር ያለፈው፣ አይደል? አንተም እዚያ ነበርክ እኮ» አለኝ።

ሊጡ ጠጋ ብዬ ሳላየው ነበር የተወሰደው። አላየሁም አልኩት።