የአያቴ ምሰሶ በቡሬው መስጊድ

ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ተነሣሁ። የምሄደው ቡሬ ያለውን አሮጌ መስጊድ ለማየት ነው። ሟቹ የእናቴ አባት ክርስቲያን ገበሬ ነበሩ፤ መስጊዱ ሲሠራ ከማሳቸው ወይራ ቆርጠው ሰጥተዋል፣ የመሀሉ ምሰሶ የእሳቸው ነው ሲባል ሰምቼ አደግሁ። ግጥምም ጽፌበታለሁ። ሰሞኑን ግን አሮጌዎቹ ምሰሶዎች በሲሚንቶ እየተተኩ ነው የሚል ወሬ መጣ። እናቴ እንቅልፍ አጣች። «ሂድና በእጅህ ነክተኸው ና» አለችኝ።

ሚኒባሱ ከሰው ይልቅ የበርበሬ ጆንያ ጭኗል። ማንኩሳ ሳንደርስ ሁላችንም እናስነጥስ ጀመር፤ ረዳቱ መቶ መቶ ብራችንን የሰበሰበው እንባውን እየጠረገ ነው። ውጭው የኅዳር መጀመሪያ ነው፤ ጤፉ እየታጨደ፣ ኑጉ ገና ቢጫ። ምሰሶውን ልነካው ነውና ደስታዬ ከመቀመጫዬ ያስነሣኝ ነበር።

ሦስት ሰዓት ላይ ቡሬ ገባሁ። መስጊዱን የጠየቅሁት የባጃጅ ነጂ «አንተም ምሰሶ ልታይ ነው?» ብሎ ሳቀ። ለምን እንደሳቀ አልገባኝም።

ግድግዳው ጭቃ ነው፣ በኖራ የተቀባ። ደጁ ላይ የሲሚንቶ ከረጢት ሳይ ልቤ ደነገጠ። በሩ ላይ አንዱን እንጨት ተደግፌ ጫማዬን በችኮላ አወለቅሁ። የመስጊዱ ጠባቂ ሐጂ ኑሩ ሰማንያን ያለፉ አዛውንት ናቸው፤ አስቀምጠው ታሪኩን አወጉኝ። ጨውና ቡና በበቅሎ የሚያመላልሱ ነጋዴዎች እዚህ ያድሩ ነበር። ገሚሶቹ እዚሁ ቀሩ፣ ሸማኔዎች ተጨመሩ፣ መጀመሪያ የሰገዱት ዋርካ ሥር ነው። ቤቱ ሲሠራ የአካባቢው ክርስቲያን ገበሬዎች በደቦ ወጡ። ሙስሊሞቹም፣ ክርስቲያኖቹ ራሳቸው ባርከው እንዲያርዱ፣ አንድ በሬ በሕይወቱ ሰጧቸው። በሁለት ምድጃ ተበላ፣ አንድ ጣሪያ ወጣ።

ስለ መሀሉ ምሰሶ ስጠይቃቸው ፈገግ አሉ።

«የመሀሉ የእኛ ነው እያለ የመጣ፣ ዘንድሮ አንተ አራተኛው ነህ። ያ ሁሉ ምሰሶ መሀል ቢቆም ኖሮ የት እንሰግድ ነበር?»

ውስጥ ያሉት ሁሉ ሲሚንቶ ሆነዋል፤ የድሮዎቹን ምስጥ ጨርሷቸዋል። ለእናቴ ምን እንደምላት ጨነቀኝ። ሐጂ የአያቴን ስም ጠየቁኝ።

«ቢያዝን ይባላሉ።»

«የጎባጣው ባለቤት!» ብለው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ና እስቲ።»

ወደ በሩ መለሱኝ። ሐጂ ያኔ ልጅ ነበሩ፤ አያቴ ከሁለት ጎረቤት ጋር ወይራውን ግማሽ ቀን ተሸክመው ሲያመጡ አይተዋል። አናጢዎቹ ጎባጣ ነው፣ ጣሪያ አይችልም አሉ። የዘመኑ ሽማግሌዎች ግን በትከሻው ያመጣውን ሰው መልሰህ ውሰድ አንልም ብለው በረንዳው ላይ አቆሙት። ምስጥም አልደፈረውም። ጉብጠቱ ላይ በመዳፍ ብዛት ያበራል።

«ጫማውን ሲያወልቅ እሱን የማይደገፍ ሰው የለም» አሉኝ።

ምሳ ሹሮ ቀረበ። የሐጂ ምራት ረቡዕ መሆኑን አውቃ ቅቤ አላስነካችውም።

አሥር ሰዓት ላይ ቤት ስደርስ እናቴ ደጅ ቆማ ነበር። ሁሉንም ነገርኳት። አባቷ የተከሉት አጥር እንኳ ቀጥ ብሎ እንደማያውቅ እያስታወሰች ሳቀች።

«ለመሆኑ ነካኸው?»

«ሳላውቀው፣ ስገባ።»

መሀል ነው እያልን ስንኮራ የኖርንበት እንጨት በሩ ላይ ሆኖ የመጣውን ሁሉ ሲደግፍ ኖሯል። ግጥሙን ቀድጄዋለሁ። አዲሱ ግጥም ጫማ ከማውለቅ ይጀምራል።