የዳሞታው በረኛ

ልጅ ሳለሁ አያቴ ማታ ማታ ምድጃው ዳር ተረት ሲነግረን፣ ቀኝ እጁ ጉልበቱ ላይ ሆኖ ለብቻው ይሠራ ነበር። አውራ ጣቱ ጠቋሚ ጣቱን እየታከከ፣ የማይታይ ባቄላ የሚፈለፍል ይመስል፣ ያለማቋረጥ ይንቀጠቀጣል። ያኔ ይህ የተረቱ ክፍል ይመስለኝ ነበር፤ ጅቡ ሲመጣ በፍርሃት የምትርደው ፍየል እጁ ነው ብዬ በሙሉ ልቤ አምኜ ነበር። ኩራዙ እየጨሰ፣ ፍሙ እየፈካ እየከሰመ፣ የኛ የልጆቹ ዐይን ግን ከእጁ አይነቀልም ነበር፤ ምክንያቱም አመድ ውስጥ የተቀበረውን ስኳር ድንች የሚያገላብጠው እሱው ነው። ታዲያ ወደ ድንቹ ሲዘረጋ መንቀጥቀጡን ይተዋል። አመዱን አራግፎ ድንቹን ይሰጠንና፣ ጉልበቱ ላይ ሲመለስ እንደገና ይጀምራል።

አንድ ማታ ታናሽ እኅቴ «አባባ፣ እጅህ ለምን አያርፍም?» ብላ ጠየቀችው።

እሱም ተረት አደረገላት። በዳሞታ ተራራ ጫፍ አንድ ባላባት ነበር፤ ሰዎቹ ደግሞ ታች፣ በቆላው በሁምቦ ነበሩ። «አንሡ» ሲል ያነሣሉ፣ «አስቀምጡ» ሲል ያስቀምጣሉ። ደጁ ላይ የቆመ በረኛ የሚፈለገውን ትእዛዝ ያሳልፋል፣ የማይፈለገውን ይመልሳል። በረኛው ሲያረጅ ግን እንቅልፍ ጣለው። ከዚያ ወዲህ ቆላው ሥራ በፈታ ቁጥር ይደንሳል፤ ባላባቱ ጮክ ብሎ ሲያዝ ብቻ ዝም ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። «የኔም በረኛ እያረጀ ነው» አለን።

ችግሩ ሰፈራችን ይህን ተረት አልሰማም። አያቴ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበር፣ መጠጥ አይነካም፤ የሚንቀጠቀጥ እጅ ግን በሰፈሩ አስተያየት አንድ ምክንያት ብቻ ነበረው፤ አረቄ። አያቴ የሰፈሩ ቢላዋ ያዥ ባይሆን ነገሩ ሐሜት ሆኖ ይቀር ነበር። ለጊፋታ፣ ለዘመን መለወጫችን፣ ጎረቤት አዋጥቶ በሬ ይገዛል፤ ሥጋው ኮባ ላይ በየመደቡ እኩል መከፈል አለበት፤ የሚከፍለውም እጁ እንደማያዳላ የታመነ አንድ ሰው ነው። እስከዚያ ዓመት ድረስ ያ ሰው አያቴ ነበር። ቢላዋውን መነጠቅ ማለት እንግዲህ በአደባባይ ሰካራም መባል ነበር።

የቅርጫው ሰብሳቢ አቶ ዳና የቀበሌ ሠራተኛ ነበሩ። ያኔ በየቢሮው ግምገማ የሚባል ነገር ነበር፤ አቶ ዳናም ለቢሮ የጠቀመ ለበሬም ይጠቅማል ብለው ወደ እኛ አመጡት። በሰፈሩ የሚነገረው ወላይትኛ ቢሆንም፣ ግምገማ በወላይትኛ ምን እንደሚባል የሚያውቅ ስላልተገኘ ስብሰባው በአማርኛ ተካሄደ። የአያቴ እጅ ተገመገመ። እኔም አባቴ አጠገብ ተቀምጬ በጥሞና ተከታተልኩ፤ እጅ ግለ ሂስ ሲያደርግ ሰምቼ አላውቅም ነበርና።

«አባባ፣ እጅዎ ለምን እንደሚንቀጠቀጥ ለቤቱ ያብራሩ» አሉ አቶ ዳና።

«እጄን ጠይቃት እንጂ፣ ዳና! እኔ መች አዘዝኳት?»

«ይሄ ኃላፊነትን መሸሽ ነው!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ትንሽ ቀምሰው ይሆናል፣ አትጨክኑባቸው» አለ ሌላው። ቤቱ ሳቀ።

አያቴ አልሳቀም። ፊቱ ያኔም እንደ ልብ አይፈታም ነበር፤ ይህም «ንቀት» ተብሎ ተያዘበት። ድምፁ ማነሱ «መሸፋፈን»፣ ቀስ ብሎ መነሣቱ «ዳተኝነት» ሆነ። ለማጣራት ሲባል እጁን ጉልበቱ ላይ እንዲያሳርፍ ታዘዘ። አሳረፈ፤ ተንቀጠቀጠ። ማስረጃው በቂ ሆኖ ተገኘ። ቢላዋ አስይዞ የፈተነው አልነበረም፤ ቢላዋ ሊነጠቅ ለተጠራ ሰው ቢላዋ መስጠት አሠራር አይደለም። ቢላዋው ወደ አቶ ዳና ተላለፈ።

ጊፋታ ደረሰ። በሬው ታርዶ ተገፈፈ፣ ኮባው ተነጠፈ። አቶ ዳና ቢላዋውን ይዘው ጎንበስ ሲሉ የሰፈሩ ዐይን ሁሉ እጃቸው ላይ ዐረፈ፤ እጅ መመልከት ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ጤነኛው እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንዱ መደብ ወፈረ፣ ሌላው ቀጠነ፤ ላስተካክል ሲሉ ጉበቱ ተንሸራቶ ሣር ላይ ወደቀ።

«አቶ ዳና፣ ቀምሰዋል እንዴ?» አለች እናቴ ከአጥሩ በኩል።

አያቴ ከበርጩማው ቀስ ብሎ ተነሣ። «አምጣ፣ ልጄ» አለ። አቶ ዳና ሳያንገራግሩ ሰጡት። እጁ ወደ ቢላዋው ሲዘረጋ ጸጥ አለ። መዝገሙን ዘገመ፤ አንዱን ቆርጦ ሌላውን እስኪጀምር ዝንቡ በረከተ፣ ዳጣቸውን ይዘው የሚጠብቁት ምራቃቸውን ዋጡ። ግን መደቡ እኩል ወጣ፤ ዕጣ ሲጣል ማንም አላጉረመረመም። ቢላዋውን አስቀምጦ ሲቀመጥ እጁ ጉልበቱ ላይ መደነሱን ቀጠለ።

የግምገማው ውሳኔ አልተሻረም። ስለዚህ በሥርዓቱ መሠረት የዚያን ዓመት ሥጋ የከፈሉት አቶ ዳና ናቸው።

ዓመታት አልፈው የአያቴ እግርም ማመፅ ጀመረ፤ በር ላይ ሲደርስ መሬቱ የያዘው ይመስል ተተክሎ ይቀራል። ሶዶ ከተማ ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። ሐኪሙ በሽታው ፓርኪንሰን እንደሚባል ነገረን፤ አንጎል ውስጥ የምንፈልገውን እንቅስቃሴ የሚለቅ፣ የማንፈልገውን የሚገታ ክፍል አለ፤ እሱን የሚያግዘው ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር ሲያንስ የታሰበው ይዘገያል፣ ያልታሰበው ይመጣል አለ። እኔም ኮስተር ብዬ «በረኛው ማለት ነው?» ስል ጠየቅሁት። ሐኪሙ «እንዲያም በለው» አለ። የአያቴ ፊት አልተንቀሳቀሰም፤ ዐይኑ ግን ሳቀ።

«ለዳና ንገርልኝ» አለኝ።

ነገርኳቸው። «ታዲያ ያኔ ለምን አላብራሩም?» አሉ።

ኪኒኑ በረኛውን ለጥቂት ዓመታት ቀሰቀሰው። አያቴ ካረፈ በኋላ ቢላዋው ወደ እኔ መጣ። ብዙው ተረቱ ከአእምሮዬ ጠፍቷል፤ የዳሞታው ግን በየጊፋታው ይመጣል። ሥጋው ተከፍሎ ሲያልቅ በርጩማው ላይ ቁጭ ብዬ እጄን ጉልበቴ ላይ አሳርፈዋለሁ፤ የእጅ ነገር የሚታወቀው ሲያርፍ ነውና። ያረጁት አቶ ዳናም ከጎኔ ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ አብረውኝ ያዩታል። ከዚያ ጉልበቴን መታ ያደርጉና «አልፈሃል» ይሉኛል።