ፌንጣ የምትወድቅላት ልጅ

ቁመቷ ከዕድሜዋ ቀድሞ ስለሄደ የሰፈሩ ልጆች «ምሰሶ» አሏት፣ በዚያው ጸናባት። እናቷ እንኳ አንዳንዴ ትረሳና በዚሁ ትጠራታለች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የአክስቷ ልብስ ስፌት ቤት ጎራ ብላ ቁልፍ ትተክላለች፣ የሱሪ ጠርዝ ትቀመቅማለች። ከዚያ በኋላ የሚያገኛት የለም፤ የቅርጫት ኳስ መጫወቻው ሲሚንቶ ሜዳ ላይ ነች። ቅርጫቱ መረብ የለውም። ቢሆንም ምሰሶ ከሥሩ ከቆመች ኳሱ ሌላ ሰው ጋ አይሄድም።

ኳሱን የምታቀብላት ፌንጣ ናት። አጭር፣ ፈጣን፣ አፈኛ ልጅ ናት።

«እዚያ ላይ ብርድ አለ እንዴ?» ትላታለች ቀና ብላ።

«አንቺስ እታች ያሉት ጉንዳኖች ደህና ናቸው?» ትላለች ምሰሶ።

ነገራቸው ሁሌ እንዲህ ነው። አንዷ ያለ አንዷ ሜዳ ገብታ አታውቅም።

አሰልጣኙ የመብራት ገመድ ሲዘረጉ ይውሉና የሥራ ቱታቸውን ሳያወልቁ ይመጣሉ። አንድ ቀን ልጆቹን ሰብስበው፣ «በሚመጣው ወር ከክለብ መልማይ ይመጣል። አንዲት ልጅ ይወስዳል። ማደሪያም ደሞዝም አለው» አሉ። የማንንም ስም አልጠሩም፤ ሁሉም ግን ወደ ምሰሶ ዞሩ። ምሰሶ አፍራ ጫማዋን አየች። እናቷ የሆስፒታል አንሶላ ስታጥብ የምትውል ሴት ናት። ስትነግራት እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገችና፣ «እንግዲህ እኔም ቁጭ የምልበት ቀን መጣ» አለች።

በዚያው ሳምንት ምሰሶ ዘላ ስትወርድ ጉልበቷ ውስጥ አንድ ነገር ቋ አለ። ለፌንጣ ብቻ ነገረቻት።

«ለጋሼ ልንገራቸው?»

«ከነገርሽማ አለቀልኝ። ሂጂ እረፊ ነው የሚሉኝ። መልማዩ ደግሞ ያረፈ ሰው አይወስድም።»

ፌንጣ ትንሽ አሰበች። «እንግዲያው እኔ እወድቅልሻለሁ።»

ከዚያ ወዲያ ሥራቸው ይኸው ሆነ። ሕመሙ ሲጠናባት ምሰሶ ፀጉሯን ትነካለች። ያኔ ፌንጣ እየሮጠች ሳለ ዘፍ ትልና «ባቴን ጨመደደኝ» ብላ ታቃስታለች። ልምምዱ ይቆማል፣ ምሰሶ ትንፋሿን ትሰበስባለች። አብረዋቸው የሚሰለፉት ሦስቱ ልጆችም ነገሩ ሲገባቸው ምስጢሩን ያዙ፤ እንዳትዘልም ኳስ ከፍ አድርጎ መላክ ተዉ። አዘኑላት እንጂ ሐኪም ቤት እንውሰዳት ያለች አልነበረችም። መልማዩ እስኪመጣ ብቻ ነበር ሐሳባቸው።

አሰልጣኙ ግን የሚያዩት ፌንጣን ነው። «አንቺ ልጅ ሰነፍሽ» አሉ አንድ ቀን። «በየደቂቃው መሬት ላይ ትነጠፊያለሽ።»

«እሺ ጋሼ፣ አይለምደኝም።»

«ለምዶሻል። መልማዩ የሚመጣ ዕለት ተቀያሪ ነሽ። ቁጭ ትያለሽ።»

ፌንጣ ወደ ምሰሶ ዞረች። ምሰሶ አፏን ከፈተች። አንዲት ቃል ብትተነፍስ ፌንጣ ትገባለች፣ እሷ ትቀራለች። እናቷ ትዝ አለቻት። መልሳ ዘጋችው።

ቀኑ ደረሰ። መልማዩ ጥላው ሥር ተቀምጠው ያያሉ። ጨዋታው ገና ሳይሞቅ ምሰሶ ፀጉሯን ነካች። የወደቀ የለም። የቀሩት ልጆች ተያዩ፤ መልማዩ ፊት መውደቁን ግን አንዷም አልደፈረችም፣ ለራሷም የምትመኘው ነገር አለ። ፌንጣ ከተቀያሪ ወንበር ብድግ ብላ «ጋሼ፣ አስቁሙት!» አለች።

«አርፈሽ ተቀመጪ» አሏት።

በዚህ መሃል አንዷ በድንጋጤ ኳሱን ከፍ አድርጋ ላከችው። ምሰሶ ዘለለች። ስትወርድ እግሯ አልተቀበላትም።

መልማዩ ከሌላ ሜዳ ሌላ ልጅ መርጠው ሄዱ። ሐኪሙ ጉልበቷን ወዲያ ወዲህ አገላብጠው አዩና፣ «ቀደም ብላ ብትመጣ ኖሮ» ብለው ተዉት።

አሁን ምሰሶ ቀኑን ሙሉ አክስቷ ቤት ነች። የስፌት መኪናውን በአንድ እግሯ ትረግጣለች። እናቷ እዚያው አንሶላዋ ላይ ናት። መጀመሪያ ሰሞን አራቱም እየመጡ ያጫውቷት ነበር። እያደር አንድ አንድ እያሉ ቀሩ። ፌንጣ ብቻ ልክ በልምምዱ ሰዓት ትመጣና ክር እየቆረጠች ትቀመጣለች።

«ዛሬም ልምምድ የለም?» አለቻት ምሰሶ።

«የለም። ጋሼ ሥራ በዝቶባቸዋል።»

ሜዳው ከስፌት ቤቱ ጀርባ ነው። ኳሱ ሲነጥር፣ የአሰልጣኙም ፊሽካ በግድግዳው በኩል ይሰማል።

«ፌንጣ፣ ተነሽ ሂጂ ተጫወቺ።»

«ሄጄስ ለማን ላቀብል?»

አክስትየው ከወዲያ በኩል መቀሷን አስቀመጠች። «እንግዲህ ሁለታችሁም እዚሁ ልታረጁልኝ ነው» አለች።

ምሰሶ ፌንጣን ልታባርራት አስባ ነበር፤ ክፉ ቃል ተናግራ፣ ሁለተኛ እንዳትመጣ አድርጋ። ቃሉንም አላጣችውም። ብቻዋን የምትቀርበትን ከሰዓት ስታስበው ግን ተወችው። ሱሪውን አዙራ መርፌው ሥር አስገባች። ፌንጣ ወንበሯን ጠጋ አደረገች።