በብረቱ ላይ ያወጣነው ታዛ

ኮረብታው ስም አልነበረውም። ካርታ ላይ ቁጥር ነበረው፤ እኛ ግን «ራሰ በራው» እንለው ነበር፣ አናቱ ላይ አንዲት ቁጥቋጦ እንኳ ስላልነበረች። ሻምበላችን እሱን ተረክባ ድንበሩን እንድትጠብቅ ትእዛዝ የደረሳት በበጋ ነው። በእግር ተጉዘን ንጋት ላይ ምሽጉ ውስጥ ገባን።

እኔ የሻምበሏ የሕክምና ረዳት ነበርኩ። ረዳት ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ደም ማቆም፣ ቁስል ማሰር፣ ግሉኮስ መስቀል ነው ሥራዬ።

ከኮረብታው ጀርባ፣ ጎድጓዳው ውስጥ፣ መንገድ ሠሪዎች ጥለውት የሄዱት አንድ ኮንቴነር ነበር። ፍንጣሪ ይመክታል ተብሎ የቁስለኛ ማረፊያ አደረግነው። ማለዳ ላይ ደግ ቤት ነበር። ረፋድ ላይ ግን ግድግዳው እጅ አያስነካም። ቀትር ላይማ፣ ምን ልበላችሁ፣ የተጣደ ድስት ውስጥ እንደመቀመጥ ነው። ያደግሁት አዊ ነው። በእኛ አገር ሰው ፀሐይ ፍለጋ ደጅ ይወጣል እንጂ ከፀሐይ መሸሸግን ማን አስተምሮት።

ሁለት ያገሬ ልጆች አብረውኝ ነበሩ። አንዱ አሥር አለቃ ፈንታሁን ነው። ከቆሰበር ዙሪያ ገጠር የመጣ፣ አፉን በአገውኛ የፈታ፣ አባቱ የሰፈሩ ቤት ሠሪ ስለሆኑ እጁ ከቀርቀሃና ከማገር ጋር ያደገ። ንግግር አያበዛም። ሌላው ይበልጣል፣ የዳንግላ ከተማ ልጅ፣ ምላሱ የማያርፍ። ይበልጣል ፈንታሁንን ሳይተርበው ውሎ አያውቅም፤ ፈንታሁንም መልስ ከመስጠት ይልቅ ፈገግ ማለት ይመርጣል። ይዋደዱ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ይበልጣል ውኃ ሊቀዳ ወርዶ ፈንጂ ረገጠ። ተሸክመን አመጣነው። ቀኝ እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ በታች አልነበረም። ደሙን አቆምኩ። አሰርኩት። መቶ አለቃችን በሬዲዮ መኪና ጠየቀ። መንገዱ ከማዶ ኮረብታ ለመሸገው ጠላት፣ ለማዶዎቹ፣ ወለል ብሎ ስለሚታይ መኪናው በቀን ሊመጣ አይችልም። «ፀሐይ ስትጠልቅ እንደርሳለን፤ እስከዚያ አቆዩት» አሉን።

አቆዩት ማለት ቀላል ነው። ፀሐይዋ ገና መውጣቷ ነበር። ደጅ እንዳላስተኛው ማዶዎቹ በየመሐሉ አንድ ሁለት ሞርታር ይወረውራሉ። ውስጥ ሳስተኛው ብረቱ ይጋግረዋል። ረፋዱ ላይ ከንፈሩ ተሰነጣጠቀ፤ መተረቡንም ተወ። ይበልጣል ዝም ካለ፣ በቃ፣ እየሄደ ነው ማለት ነው።

ፈንታሁንን ጠርቼ «የሚገድለው ቁስሉ አይደለም፤ ብረቱ ነው» አልኩት።

መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈና መነጨቀው። ዙሪያውን አንድ ጊዜ ዞረ። ከዚያ «ታዛ እናውጣለት» አለ።

ምሥጋናውና ጌትነት የሚባሉ ሁለት የፈንታሁን ጓድ ወታደሮች ከተናደው ምሽግ ግንድ ጎተቱ። እኔ ድንኳን ሸራ ሰበሰብኩ። ፈንታሁን እንደ አባቱ ሠራው። በአራቱ ማዕዘን ምሰሶ ተከለ። መሐሉ ላይ ከኮንቴነሩ ጣራ ከአንድ ሰው ቁመት በላይ ከፍ ያለ አናት አቆመና ሸራውን በግራና በቀኝ ቁልቁል ወጠረው። በእኛ አገር ቤት የሚሠራው እንደዚያ ነው፤ ክረምቱ ጣራ ላይ እንዳያድር ጣራ ሾጣጣ ይሆናል።

መቶ አለቃው ከፊት ምሽግ ወርዶ ሲያየው ሳቀ። «ኧረ ፈንታሁን፣ እዚህ ዝናብ የለም። ለማን ነው ይህን ያህል የምታዘቀዝቀው?»

«እጄ ሌላ ቤት አያውቅም፣ መቶ አለቃ» አለ።

ከውስጥ ደከም ያለ ድምፅ መጣ። ይበልጣል ነው። «ይተዉት መቶ አለቃ። የቆሰበር ሰው ፀሐይ ሲያይ እንኳ ሊዘንብ ነው ብሎ ነው የሚያስበው።»

ሁላችንም ሳቅን። ቁስለኛው ተናግሯልና ከዚያ በላይ የሚያስደስት ነገር አልነበረም። ማናችንም ግን ታዛውን ከማዶ ሆኖ እንደሚያይ ሰው አላየነውም። ሁላችንም ከጎድጓዳው ውስጥ ሆነን፣ ከታች ወደ ላይ ነበር ያየነው።

ሥራው ሠራ። ሸራው ብረቱን አልነካም፤ በመሐላቸው ነፋስ ያልፋል። ከቀትር በኋላ ግድግዳው እጅ የሚያስነካ ሆነ። የይበልጣል የልብ ትርታ ተመለሰ። ውኃ ጠየቀኝ። ጥቂት ጠጥቶ ዓይኑን ገለጠና «እታለም፣ ዳንግላ ደረስን እንዴ?» አለኝ። እኔም «ጥቂት ቀርቶናል» አልኩት።

አሥር ሰዓት ገደማ የመጀመሪያው ሞርታር አልፎን ወደቀ። ሁለተኛው ሳይደርስብን ወደቀ። መቶ አለቃው ከላይ እየሮጠ መጣ። የታዛው አናት ከኮረብታው ትከሻ በላይ ወጥቶ ለማዶዎቹ ይታይ ነበር። ምን እንደመሰላቸው እግዜር ይወቅ፤ ማዘዣ ጣቢያ ሳይመስላቸው አልቀረም። ዒላማ ሆኖላቸዋል።

ይበልጣልን ለማውጣት ጊዜ አልነበረም። ፈንታሁን ኮንቴነሩ ላይ ወጣ። ምሥጋናውና ጌትነት ምሰሶውን ከታች ያዙለት፣ ግንዱ በሩ ላይ እንዳይወድቅ። እኔ ውስጥ ቁስለኛው ላይ ተደፋሁ። የፈንታሁን ጫማ ብረቱ ላይ ሲንኳኳ ይሰማኛል። ማሰሪያውን በጩቤ ሲቆርጥ ይሰማኛል። አንድ ጎን ወደቀ። ሌላው ጎን ወደቀ። ሦስተኛው ሞርታር መጥቶ ደጁ ላይ ፈነዳ።

ከዚያ በኋላ አልተኮሱም። ዒላማው ጠፍቶባቸዋል።

ጀንበር ስትጠልቅ መኪናው መጣ። ይበልጣልን ስንጭነው ዙሪያውን እያየ «ያ ቤት ሠሪ የት ሄደ? ሳልሰናበተው?» አለ። ምሽግ ውስጥ ነው አልኩት። እውነቱን የሰማው ሆስፒታል ነው።

ከዓመታት በኋላ ሠራዊቱን ተሰናብቼ እንጅባራ ገባሁ። መናኸሪያው አጠገብ ከተደረደሩት ኮንቴነሮች አንዱን ይዤ ካልሲና ሹራብ፣ ክርና መርፌ እሸጣለሁ። እዚህ ኮንቴነር የያዘ ሰው ሁሉ በፊቱ ታዛ ያወጣል። ያለዚያ ዝናቡ በበሩ ይገባል፣ ደንበኛም ይሸሻል። እኔ አንድ ክረምት ሙሉ ሳላወጣ ቆየሁ። ጎረቤቶቼ ስስት መሰላቸው። «እቴቴ፣ ሰው እየበሰበሰ ካልሲ አይመርጥም እኮ» ይሉኛል። በኋላ አናጢ ጠራሁ። እንደ አገሩ አድርጎ፣ ኮንቴነሩን ከነጣራው በሾጣጣ ቆርቆሮ አለበሰው። ዋጋውን ከፈልኩት። ለዚህ አገር ልኩ እሱ ነው።

ይበልጣል የሚኖረው ጫግኒ ነው፤ እህል ነጋዴ ዘንድ ሚዛን ላይ ይሠራል። ባለፈው ሐምሌ ስልክ ደውሎ ሊያየኝ መጣ። ዝናቡ ዱብ ዱብ ይላል። ከባጃጅ ወረደ፤ በሰው ሠራሽ እግርና በከዘራ። ከበሩ ሆኜ «ግባ» አልኩት። ሁለት እርምጃ ሲቀረው ቀና ብሎ የታዛውን አናት አየና ቆመ።

«እዚሁ ይሻለኛል» አለ።

«ትበሰብሳለህ።»

«ብበሰብስስ። ውኃ እኮ ነው።»

ለመንኩት፤ አልገባም። ነጠላዬን ደርቤ እኔው ወጣሁ። ጎረቤቶቼ ከየታዛቸው ሥር ሆነው እንደ ሁለት እብድ አዩን። ስለ ጫግኒ ሙቀት፣ ስለ በቆሎ ዋጋ አወራን። እንደ ድሮው ሊያስቀኝ ሞከረ። ከዚያ፣ ሳያየኝ፣ «ያን ታዛ ባታወጡልኝስ ኖሮ?» አለኝ።

ልዋሸው አልፈለግሁም። «ለማታ አትደርስም ነበር» አልኩት።

«አውቃለሁ። አንድ ሰው እንዲነግረኝ ነው የመጣሁት።»

ያው ባጃጅ ይጠብቀው ነበር፤ ሄደ።

የሰፈር ልጆች ስለ ጦር ሜዳ ሲጠይቁኝ ስንት ጠላት ገደላችሁ ይሉኛል። እሱን አላውቅም። የማውቀው በዚያ ቀን የሞቱብንን ነው። አሥር አለቃ ፈንታሁን። ምሥጋናው። ጌትነት። ሦስት ሰው። አንድ ሰው ዳነ። ሦስቱን ከአንዱ ጋር ላስተያይ፣ ይህ ለዚያ ተገባው ልል ብዙ ክረምት ሞከርኩ፤ ሒሳቡ አልመጣልኝም። መምጣትም የለበትም መሰለኝ። ያን ቀን የሚያውቅ ሰው በዚህ አውራጃ እኔና ይበልጣል ብቻ ነን፤ እኛም አንድ ጣራ ሥር ልንቀመጥ አንችልም።