ከሸራ ሥር የተነሣ እጅ

ይህን ነገር ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም፤ በጠየቁኝ ቁጥር ጾም ሽሬያለሁ፣ ሰው አምቼያለሁ እያልኩ ትንንሹን እየመዘዝኩ ስሰጣቸው ኖሬያለሁ። ለማታውቀኝ ለአንተ ግን እነግርሃለሁ። ፊትህን ስለማላየው ይሆናል። ለመፍረድ ብቻ አትቸኩል፤ መጨረሻው ከመጀመሪያው ይብሳል።

ጥፋቱን ያመጣው ፊልም ነው ልልህ ነበር። ፊልሙ ምን አደረገ? ያመጣሁት እኔ ነኝ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ እኔ አብደራፊ አጠገብ ባለ አንድ የመንግሥት እርሻ የመጋዘን ጸሐፊ ነበርኩ። ለመለዋወጫ ዕቃ ወደ መተማ ዮሐንስ ተልኬ ሳለ አንድ ሱዳናዊ ነጋዴ በኖራ በተቀባ ግድግዳ ላይ የዐረብ ፊልም ሲያሳይ ደረስኩ። ዘፈን የበዛበት ቀልድ ነው። አንድ ቡድን ትርኢት ሊያሳይ ይነሣል፤ ዘፋኙ ይጠፋል፤ በረኛው በግድ ተጎትቶ መድረክ ላይ ይወጣል፤ መጋረጃው ይወድቃል፤ ከበሮ መቺው ከነከበሮው ጉድጓድ ይገባል። ተመልካቹ ግን ሁሉም የታሰበበት መስሎት ያጨበጭባል። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ስቄ ወደ ሥራዬ ብመለስ ምን ነበረበት? ግን ማን ይመልሰኛል፤ ይህንማ እኔም አደርገዋለሁ አልኩ።

በዚያን ጊዜ የኪነት ቡድን የሌለው መሥሪያ ቤት አልነበረም፤ የእኛን ኪነት የምመራው እኔ ነበርኩ። ምኑን እንደመራሁት እስካሁን አይገባኝም። ክራር መቺያችን የትራክተር ነጂ ነው፤ ልምምድ ስንጀምር ወባ ይነሣበታል፣ ልምምድ ስንጨርስ ይለቀዋል። ሁለቱ ተወዛዋዦች ተኳርፈው ስለነበር ጀርባ ለጀርባ ካልሆነ አይጨፍሩም። ጄኔሬተሩ ሰው ሲናገር ጸጥ ብሎ ሰው ዝም ሲል ያስላል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ እነዚህን ይዤ ነው የሰሊጥ አጨዳ ሲያልቅ ለሚመጡት የአውራጃ እንግዶች የሙዚቃ ቀልድ ላሳይ የተነሣሁት። ቀረርቶና መፈክር ይበቃል፣ አርፈህ ተቀመጥ ያለኝ ሰው አልጠፋም። እኔ ግን ልቤ አብጦ ነበር፤ እንግዶቹ አይተውኝ ወደ ጎንደር እንዲወስዱኝ እመኝ ነበር።

በረኛውን ሆኖ የሚጫወት ሰው ስፈልግ አያ ይስማውን አገኘሁ። አያ ይስማው ከጎጃም ለአጨዳ የወረዱ ሳሉግ ነበሩ፤ ከደጋ ለሥራ የሚመጣውን ሰው በእኛ አገር እንዲህ እንለዋለን። አርባውን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ረጅም ሰው ናቸው፤ ሲራመዱ እንኳ ያስቃሉ። አጫጆቹ ተሰልፈው ሰሊጡ ውስጥ ሲገቡ ግጥም የሚያወርዱላቸው እሳቸው ነበሩ። ወጉ እንዲህ ነው፤ አውራጁ ያወረደውን ሌላው ይቀበላል። አለመቀበል አውራጁን መናቅ ነው። እሱ ግጥም እስኪለውጥ ድረስም ያንኑ እየተቀበሉ ማጨድ ነው። ይህን በየቀኑ መጋዘኑ በር ላይ ቆሜ እሰማ ነበር። አላወቅሁም ማለት አልችልም።

አያ ይስማው የሚዘፍኑትን ግጥም የጻፍኩት እኔ ነኝ። እኔ፣ በዚህ እጄ።

ማጭዱ የኔ ነው፣ ላቡም የራሴ፤
ሰሊጡ ሲጫን ባዶ ነው ኪሴ።

ሐሳቤ እንዲህ ነበር። መጀመሪያ እኔ ማይክሮፎኑን ይዤ፣ ይህ በባላባቱ ዘመን የነበረ የጭሰኛ እሮሮ ነው ብዬ አስተዋውቃለሁ። ከዚያ አያ ይስማው እየተደናበሩ ወጥተው ይዘፍናሉ፤ እኔ እጄን ሳነሣ ያቆማሉ። ማንበብ ስለማይችሉ በቃል አስጠናኋቸው። እሳቸው ከራሳቸው ጨምረው ሊያሳምሩት ሲሞክሩ ተቆጣሁ።

"አንዲት ቃል እንዳይጨምሩ" አልኳቸው። "እጄን ካላነሣሁም እንዳያቆሙ።"

"እሽ ልጄ፣ አንተ ታውቃለህ" አሉኝ።

ሁለት የትራክተር ተሳቢዎችን አጋጥመን መድረክ አደረግናቸው፤ ለመጋረጃ የሰሊጥ መሸፈኛውን ትልቅ ሸራ በሁለት ቋሚ ላይ ሰቀልነው። ቋሚዎቹን ጥልቅ አድርጋችሁ ቅበሩ ብዬ ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ ተሳድቤ ነበር። የትራክተር ነጂው ወባው ተነሣበትና ክራሩ ቀረ። እንግዶቹ ከዛፍ ሥር ወንበር ላይ፣ አጫጆቹ መሬት ላይ ተቀመጡ። ማይክሮፎኑን ይዤ ወጣሁ። "ይህ" ብዬ አፌን ስከፍት ነፋስ መጣ፤ ቋሚው ተነቀለ፤ ሸራው ከነአቧራው እላዬ ላይ ወረደ።

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። አዎ፣ ልክ እንደ ፊልሙ። አያ ይስማውም ተራቸው የደረሰ መሰላቸውና ወጥተው ግጥሙን አወረዱት። አጫጆቹ የራሳቸው አውራጅ ድምፅ ነውና ተቀበሏቸው። እሳቸው ደገሙት፤ እነዚያ ተቀበሉ። መጀመሪያ እየሳቁ፣ በኋላ እያጨበጨቡ፣ በመጨረሻም ከመሬት ተነሥተው ቆመው። ባዶ ነው ኪሴ እያለ ያ ሁሉ ሰው በእንግዶቹ ፊት አስተጋባ። የባላባቱን ዘመን የጠራ ማንም የለም፤ ጠሪው ሸራ ሥር በአፉ አቧራ እየቃመ ነው። እጄንማ አነሣሁ፤ ደጋግሜ አነሣሁ። ከሸራ ሥር የተነሣ እጅ ማን ያያል? አያ ይስማውም እንዳያቆሙ ታዘዋልና አላቆሙም።

ሰዎች ጎትተው ሲያወጡኝ አጫጆቹ ገና ይቀበሉ ነበር። እንግዶቹን የመራው የአውራጃው ካድሬ ግን አይስቅም፤ ተነሥቶ ወደ ቢሮ ሄደ። ወዲያው አስጠራኝ። ብቻዬን ገባሁ።

"ይህን ግጥም የደረሰው ማነው?" አለኝ።

አሁን ልብ ብለህ ስማኝ። አልመታኝም። ሽጉጥ አላወጣም። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። እኔ ነኝ፣ ስለ ባላባቱ ነው፣ ሸራው ወድቆብኝ ሳላስተዋውቅ ቀረሁ ብዬ ብነግረው ምን ያደርገኝ ነበር? ተቆጥቶ ይተወኝ ይሆናል፤ ያስረኝም ይሆናል። አላውቅም። አለማወቄም የራሴ ጥፋት ነው፤ ሞክሬ አላየሁትማ። እኔ ያኔ ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ፤ አያ ይስማው ጎጃም ቤት ሙሉ ልጅ ትተው የመጡ ሰው ናቸው። ይህንንም አውቅ ነበር።

"እኔ የሰጠሁት ሌላ ነበር" አልኩት። "ይህን ከራሱ አምጥቶ ነው።"

ዋሸሁ። በሰው ነፍስ ላይ ዋሸሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ቃሌን ልመልሰው ብል እንኳ ጊዜው አለፈ አልኩና ለራሴ ሁለተኛ ዋሸሁ፤ አያ ይስማውን በእንግዶቹ መኪና ኋላ ጭነው የወሰዷቸው እንግዶቹ ሻይ ጠጥተው ከጨረሱ በኋላ ነበርና። ያን ሁሉ ጊዜ መጋዘን ገብቼ ጆንያ ሳስተካክል ነበር። ቀድሞውንም የተስተካከለ ጆንያ። በማግስቱ አጫጆቹ ወደ ቀረችው ማሳ ወረዱ፤ የሚያወርድላቸው ስለሌለ ዝም ብለው አጨዱ።

በሁለተኛው ዓመት አጨዳ አያ ይስማው ተመለሱ። መጋዘኑ በር ላይ ቆመው አየኋቸው። የፊት ጥርሶቻቸው የሉም። መጥተው ያንቁኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ እንደዚያ ቢያደርጉማ ዛሬ ይህን ባልጻፍኩ ነበር። ባርኔጣቸውን አውልቀው በቀስታ ተናገሩ።

"ልጄ፣ ያን ቀን ትርኢትህን አበላሸሁብህ። አንዲት ቃል እንዳልጨምር ነግረኸኝ ነበር። እኔ መጀመሪያ ግጥሟ ያንተ ናት ብዬ ስሟገት ከረምኩ። ኋላ አንተ ከራሱ ነው ማለትህን ሲነግሩኝ ግን አሰብኩት። እሱ የተማረ ሰው ነው፣ ለምን ብሎ ይዋሻል፤ የሳትኩት እኔ ነኝ እንጅ አልኩና ጣቴን አተምኩላቸው። ከየት እንዳመጣኋት ግን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ይቅር በለኝ።"

መጋዘኑ ውስጥ ከሁለታችን በቀር ሰው አልነበረም። ካድሬ የለም፣ እንግዳ የለም፣ የሚጽፍ የለም። የመጀመሪያውን ውሸት ፍርሃት ነው ብትልልኝ እሰማሃለሁ። ለዚህኛው ምን ስም ትሰጠዋለህ? የፈራሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የእሳቸውን ፊት። እሱን ላለማየት ብዬ እኚህ ሰው በገዛ አእምሯቸው ላይ ያላቸውን እምነት ወሰድኩባቸው። ግጥሟ የኔ ናት ብል ምናልባት ይረግሙኝ ነበር፤ ቢያንስ እንዳልሳቱ አውቀው አገራቸው ይገቡ ነበር። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም፤ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም። ስለዚህ አንተም ይቅር አትበለኝ፤ ያንተ አይደለም።

ምን መለስኩላቸው መሰለህ? "ይቅር ለእግዚአብሔር" አልኳቸው። ጎንበስ ብለው ጉልበቴን ሊስሙ ሲሉም አልከለከልኳቸውም።