የባልዲው ተራ

ከምርጫው በኋላ ጌሾ ስለቅም ከጓሮዬ ያዙኝ። ፍኖተ ሰላም አምጥተው የእህል መጋዘን የነበረ ክፍል ውስጥ አስገቡኝ። ግድግዳው ገና ጤፍ ጤፍ ይሸታል። ሃያ ሰባት ሰው በጎኑ ተጣብቆ ይተኛል። በሩ ሥር የሽንት ባልዲ አለ።

ባልዲውን መድፋት ውርደት ይመስላል፤ አልነበረም። ወደ ጉድጓዱ ሲኬድ የቆርቆሮው አጥር አንድ ቦታ ላይ ተቀዷል፤ በዚያ በኩል ስንቅ ያመጡ ቤተሰቦች ይታያሉ። እስረኛ መጠየቅ ስለተከለከለ ሁሉም ተራውን ይናፍቃል፤ ይሻማበታልም።

ትምህርት ቤት ሳልገባ ማንበብ ስለቻልኩ "መምህር" ይሉኝ ነበር። ዓርብ ከሰዓት ከወንጌል የዘብዴዎስን ልጆች ታሪክ አነበብኩላቸው፤ ጌታን በቀኝህና በግራህ አስቀምጠን ያሉትን። ከዚያም፣ "እናንተም ያው ናችሁ! ታላቅ መሆን የሚወድ ያገልግል" ብዬ ገሠጽኳቸው።

ቅዳሜ ተራው የአንድ ሽማግሌ ገበሬ ነበር። ሚስታቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ከጅጋ በኩል በእግራቸው ስንቅ ያመጣሉ፤ የሽማግሌው ተራ ቅዳሜ ላይ ሲውል ግን ያ የመጀመሪያው ነው። እኔም ስያዝ ልጄን ወሯ የገባ እርጉዝ ሆና ነው የተውኳት። ወደ ካቦው፣ ወደ እስረኞቹ አለቃ፣ ጠጋ አልኩ።

"ሽማግሌው ደክመዋል። እኔ ልሸከምላቸው፤ ለጽድቅ።"

ካቦው ጮክ ብሎ፣ "አባባ፣ አንቱ ይረፉ! መምህር ሊያገለግልዎ ነው" አለ።

"ትናንት ሰብኮ ዛሬ ሠራው!" አለ አንዱ ከጥግ።

ሽማግሌው ጫማቸውን አድርገው ተዘጋጅተው ነበር፤ መልሰው አወለቁት።

የዘብዴዎስ ልጆች የፈለጉትን በግልጽ ለመኑ። እኔ አገልግሎት ብዬ ለመንኩ። የእኔ ይብሳል።

በቀዳዳው ሳይ ልጄ የለችም። ፖሊሱ የሽማግሌውን ስም ጠርቶ ከአንዲት አሮጊት አገልግል ተቀበለ። አሮጊቷ ከአጥሩ ላይ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ቆሙ።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌውን ከነጓዛቸው ጠሯቸው። ወዴት እንደሚወስዷቸው አልተነገረም። አጠገባቸው ተንበረከክሁ።

"አባባ፣ ለአንቱ አስቤ አልነበረም።"

"አውቃለሁ" አሉና ጋቢያቸውን ቀስ ብለው አጠፉ። "ምን ለብሳ ነበር?"

"አረንጓዴ ቀሚስ።"

"ጫማስ አድርጋለች?"

"አልታየኝም፤ ቆርቆሮው ይጋርዳል።"

አገልግሉን ወደ እኛ ገፋ አደረጉት። "ብሉት። ባዶውን አጥባችሁ መልሱላት" ብለው ወጡ። ከዚያ ወዲያ ወሬያቸውን አልሰማሁም።

አገልግሉን እኔ አጠብኩት። የራሴ ተራ ሲደርስ ቀዳዳው ጋ አቀርቅሬ አለፍኩ። ኋላ ልጄ ነገረችኝ፤ ባቀረቀርኩበት ዕለት ሕፃኑን አዝላ ከቀዳዳው ማዶ ቆማ ነበር።

ዛሬ ያ ሕፃን አድጓል። ከእህቱ ጋር ሲሻማ እቆጣለሁ፤ መቆጣትም ይገባኛል። ነገር ግን አፌን ስከፍት ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ሲያወልቁ ይታዩኛል።